ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ

«ይህን ከማን ክታብ ነው የገለበጥከው?» አሉ የኔታ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው።

የሐምሌ ዝናብ የአራዳን ቆርቆሮ ይደበድባል። ከጎንደር ፒያሳ ዝቅ ብሎ በሚገኝ አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ሰዎች በረከቦቱ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ቡናውን የሚያፈሉት እትዬ ናቸው። የኔታ ጎረቤታቸው ናቸው፤ የሰፈሩን ልጆች ፊደል ያስቆጠሩ፣ ዳዊት ያስደገሙ፣ ብራና መዳመጥም የሚያውቁ አዛውንት። ደብተሩን ጉልበቱ ላይ የዘረጋው ወጣት የእትዬ የእህት ልጅ ነው። ቀን ኮምፒዩተር ሳይንስ ይማራል፤ ማታ ማታ ለጨዋታ የሚሆኑ ምስሎችን ይሥላል። የኔታን ያስቆማቸው ገጽ ላይ ከአንድ እምብርት የሚፈነጠቁ ስምንት ቀስቶች አሉ።

«ከክታብ አይደለም የኔታ። ዋርሃመር 40,000 ከሚባል የእንግሊዞች ጨዋታ ነው። የትርምስ አማልክት ምልክት ነው።»

«ይህ ኮከብ እኔ ልጅ ሆኜ በአባቴ ብራና ላይ ነበረ» አሉ የኔታ። «አጋንንት ሲያዩት ይሸሻሉ ብለው ይሥሉታል። እንዴት ነው የአጋንንቱ ምልክት የሚሆነው?»

የሁለቱ ኮከቦች መንገድ ለየብቻ ነው። የጨዋታው ምልክት የተወረሰው ከእንግሊዛዊው ደራሲ ከማይክል ሙርኮክ ነው። ሙርኮክ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ኤልሪክ ስለተባለ አልቢኖ ንጉሥ ሲጽፍ ሥርዓትና ትርምስ የሚዋጉበትን ዓለም ፈጠረ፤ ትርምስ በሁሉም አቅጣጫ ስለሚሄድ ምልክቱን ስምንት ቀስት አደረገው። ዛሬ ዋና መሥሪያ ቤቱ ኖቲንግሃም የሆነው ጌምስ ወርክሾፕ እ.ኤ.አ. በ1987 በሪክ ፕሪስትሊ የተጻፈውን ዋርሃመር 40,000 አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 እና በ1990 ባሳተማቸው ሁለት ትልልቅ መጻሕፍት ደግሞ ጨለማ አማልክቱን ዘርዝሮ አቆማቸው። ተጫዋቾች በቀለም የተቀቡ ትንንሽ ወታደሮችን ጠረጴዛ ላይ ያሰልፋሉ፣ ዳይስ ይጥላሉ። የእትዬ የእህት ልጅ ግን ጠረጴዛውን አይቶት አያውቅም፤ ያወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው «ዶውን ኦፍ ዋር» በተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ በኩል ነው።

የጎንደሩ ኮከብ ከቆዳ ላይ የተነሣ ነው። ደብተራው ለታመመ ሰው ክታብ ሲጽፍ ብራናውን በሰውዬው ቁመት ልክ ይቀጥላል፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው። በጸሎቱ መካከል ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ ይሥላል፤ በኮከቡ እምብርት ደግሞ ፊት፣ በፊቱ ላይ ትልልቅ ዓይኖች። በክታብ ላይ በብዛት ከሚገኙት ጸሎቶች አንዱ የቅዱስ ሱስንዮስ ነው። ሱስንዮስ ሕፃን ልጁን የገደለችበትን ወርዝልያን በፈረስ ተከታትሎ፣ በአጋንንት ተከባ ካለችበት ደርሶ በጦር ይወጋታል። ሌላው መርበብተ ሰሎሞን ነው፤ መርበብ ማለት መረብ ነው፤ አጋንንቱ እንደ ዓሣ የሚያዙበት።

«ስለዚህ ያንተ እንግሊዝ ቀስቱን ወደ ውጭ አደረገው» አሉ የኔታ በጣታቸው እየተከተሉ። «የእኛው ዓይኑን መሐል አስቀምጦ የሚጠብቅ ነው። ያ ይበተናል፣ ይህ ያያል። በል እስኪ ስለ አማልክቱ ንገረኝ።»

ወጣቱ የሚወደው ነገር ተነሣለትና ደብተሩን ዘግቶ መናገር ጀመረ። በዚያ ዓለም ከሚታየው ጠፈር ጀርባ ዋርፕ የሚባል ሌላ ባሕር አለ። ባሕሩ የተሠራው ከሚያስቡ ፍጥረታት ስሜት ነው። ሰው በተቆጣ ቁጥር፣ ተስፋ በቆረጠ ቁጥር አንድ ጠብታ እዚያ ይወድቃል። ጠብታው ሲጠራቀም ነፍስ ይዘራል፤ አምላክ ይሆናል። ቁጣና ደም ኮርን ሆኑ፤ ቁጥሩ 8 ነው፣ የነሐስ ዙፋን አለው። ተስፋ መቁረጥና ብስባሽ ነርግል ሆኑ፤ ቁጥሩ 7 ነው፤ ተከታዮቹ አያት ይሉታል፣ በሽታውንም እንደ ስጦታ ይቀበሉታል። የሥልጣን ጥምና ተንኮል ዚንች ነው፣ ቁጥሩ 9። አራተኛው ስላኔሽ ከሁሉ በኋላ ተወለደ፤ ኤልዳር የሚባሉ ጥንታዊና ምጡቅ ሕዝቦች በደስታና በቅንጦት ልክ ከማጣታቸው የተነሣ። በተወለደ ቀን የኤልዳርን ግዛት እምብርት ቀዶ ዋጠው።

«ማንም አልፈጠራቸውም እትዬ። ሰው ነው የመገባቸው። እኔን የያዘኝም ይኸው ነው።»

እትዬ ጀበናውን ከእሳቱ አውርደው ማቶቱ ላይ አስቀመጡ። «ዛር ነው የምትነግረኝ» አሉ።

«ዛር ጋኔን ነው» አሉ የኔታ ወዲያው። «ጠበል እንጂ ሌላ አይገባውም።»

«ይሁን የኔታ፣ አልተከራከርኩዎትም። ግን እናቴን ያየሁ ነኝ። ዛሯ ሲመጣባት ጉሪ ትላለች፤ አንገቷ እንዲህ ሲዞር ነጠላዋ ይወድቃል። ከዚያ ትፎክራለች። ዝምተኛ ሴት ነበረች፤ ፉከራዋ ግን የጦር አዝማች ነው። የዛሩ ፈረስ ናት ይሏታል፤ እሱ ነው የሚጋልባት።»

የኔታ የያዙት የቤተ ክርስቲያኒቱን አቋም ነው። የእትዬ ትዝታ ደግሞ ጎንደርን ለሚያጠኑ ሁሉ መነሻ ከሆነ መዝገብ ጋር ይገጥማል። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የዳካር ጅቡቲ ተልእኮ ጎንደር ገብቶ ወራት ቆየ። የተልእኮው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ረዳትነት መልካም አያሁ ወደተባሉ ታዋቂ ባለዛር ሴት ቤት እየተመላለሰ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ጻፈ። እያንዳንዱ ዛር ስም አለው፣ የትውልድ ሐረግ አለው፣ ጌታና አሽከር አለው፣ የራሱ ፉከራ አለው። ከሌሪስ ማስታወሻ የወጣው «ላፍሪክ ፋንቶም» እ.ኤ.አ. በ1934 ታተመ፤ የጎንደርን የዛር ሥርዓት ከቲያትር ጋር ያያያዘበት መጽሐፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958። ያው ተልእኮ ከጎንደሩ አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕሎቹን አንሥቶ ጋስቶን ልዊ ሩ በሣላቸው ቅጂዎች ተካቸው። ጥንታዊዎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። የጎንደርን ቅዱሳን ሊያይ የሚፈልግ የጎንደር ልጅ ቪዛ ያስፈልገዋል ማለት ነው፤ ይህ ሊያሳምም የሚገባ ነገር ነው።

ስለ ዛር አመጣጥ የሚነገረውን እትዬ አጠር አድርገው አወሩት። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት። እግዚአብሔር ልጆችሽን አሳዪኝ ቢላት ዓይን እንዳይገባቸው ብላ አሥራ አምስቱን ቆንጆዎች ደበቀቻቸው። የተደበቁት ተደብቀው ቀሩ። የማይታዩት ዛሮች እነሱ ናቸው፤ የሚታየው ሰው የቀሩት አሥራ አምስት ልጅ ነው።

«ስለዚህ ወንድሞቻችን ናቸው» አለ ወጣቱ።

«ወንድሞች ናቸው። ለዚያ ነው የሚታረቁት። ዛር ይቆጣል፣ ያሳምማል፤ ግን ምን ትፈልጋለህ ተብሎ ይጠየቃል። ጨሌ ይላል፣ ሽቶ ይላል፣ ቀይ ዶሮ ይላል፤ ቡናው ይጨስልኝ ይላል። ያገኘ ዛር ይተኛል። ያንተው ኮርን ምን ሲሰጡት ነው የሚታረቀው?»

ወጣቱ ዝም አለ። ኮርን አይታረቅም። ደሙ የማንም ይሁን ለእሱ ግድ የለውም፤ የተከታዮቹ ራሳቸው ደም ቢሆንም ይበቃዋል። በዚያ ጨዋታ ለጨለማው አምላክ የተሰጠ ሰው ኃይል ያገኛል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ሰውነቱን ያጣል፤ የመመለሻ በር የለም ማለት ይቻላል። የእትዬ ጥያቄ ቀላል ቢመስልም ሁለቱን ዓለማት የሚለየውን ስንጥቅ አግኝቶታል። ለጎንደሯ ባለዛር ክፉው መንፈስ ተደራዳሪ ነው፤ ስሙን ያወቀ፣ ፉከራውን የሰማ ጎረቤት ሁሉ በድርድሩ ውስጥ አለበት።

«ለመሆኑ በዚያ ዓለም ንጉሥ የለም?» አሉ የኔታ።

«አለ እንጂ። የሰው ልጆች ንጉሠ ነገሥት በወርቅ ዙፋን ላይ ነው። አሥር ሺህ ዓመት ሳይንቀሳቀስ፣ ሳይናገር። ሞቷል ለማለትም አይመችም። በሕይወት ለማቆየት በየቀኑ አንድ ሺህ ነፍስ ይገበርለታል። አታምልኩኝ ብሎ ነበር፤ በስሙ ሃይማኖት አቋቋሙ።»

«እኛም እኮ አይተነዋል» አሉ የኔታ፤ እጃቸውን ወደ ፋሲል ግቢ አቅጣጫ ዘረጉ። «ከዚህ ሁለት እርምጃ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ራስ ሚካኤል ስሑል እ.ኤ.አ. በ1769 አፄ ኢዮአስን ካስገደሉ በኋላ፣ ካሣ ኃይሉ ቴዎድሮስ ተብለው እ.ኤ.አ. በ1855 እስኪነግሡ ድረስ፣ 86 ዓመት ያህል የጎንደር ነገሥታት በግቢያቸው ተቀምጠው የሚገዙት መሳፍንቱ ነበሩ። አንዱ ንጉሥ ይወርዳል፣ ሌላው ይወጣል፣ የወረደውም ተመልሶ ይነግሣል። ጦሩ ሁሉ የሚዘምተው በንጉሡ ስም ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ ያገኘው ይህን ዘመን ነው።

ሁለተኛው ስኒ ቶና ተቀድቶ፣ የዕጣኑ ጭስ ቀጥ ብሎ ሲወጣ፣ ወጣቱ ወደ ኦርኮች አለፈ። አረንጓዴ፣ ጡንቻቸው የፈረጠመ፣ ከእናት ማኅፀን ሳይሆን እንደ እንጉዳይ ከአፈር የሚበቅሉ ናቸው። ጦርነት ሥራቸው፣ ምግባቸው፣ በዓላቸውም ነው። ቀይ የተቀባ መኪና ይፈጥናል ብለው ስለሚያምኑ ቀይ የተቀባው መኪናቸው በእርግጥ ይፈጥናል። ጎርክና ሞርክ የሚባሉ ሁለት አማልክት አሏቸው።

«እነዚህ ጦረኛ ዘር ናቸው» አለ።

ቃሉ ክፍሉ ውስጥ ከበደ። በእንግሊዝኛው ጨዋታ ውስጥ ያ ቃል ቀላል ነው፤ ተጫዋቹ አንዱን ይመርጣል፣ ይቀባዋል፣ ያሰልፈዋል። በአማርኛ «ዘር» ሲባል ግን ኢትዮጵያዊ አድማጭ ጆሮውን ያቆማል።

«ሲፈጠሩ ጀምሮ ነው ጦረኛ የሆኑት?» ጠየቁ የኔታ።

«ሲፈጠሩ ጀምሮ። ግን...» ወጣቱ ትንሽ አሰበ። «ታሪካቸው ላይ አንድ ነገር አለ። ጥንታውያን የሚባሉ ፍጥረታት ከኔክሮኖች ጋር ሲዋጉ የኦርኮችን አባቶች ለጦር መሣሪያነት ፈለሰፏቸው ይባላል። ፈጣሪዎቹ ጠፉ፣ መሣሪያው ቀረ።»

«እህ! ይኸውልህ። የሠራቸው አለ።» የኔታ ወደፊት ጠጋ አሉ። «እኛ ልጆች ሳለን ደርቡሽ መጣ ሲሉን እንቅልፍ አይወስደንም ነበር። ጥርሱ እንዲህ ነው፣ ዓይኑ እሳት ነው ይሉናል። በ1880 ጥር ላይ ከሱዳን መጥተው ጎንደርን አቃጥለዋል፣ አብያተ ክርስቲያናቱን አጥፍተዋል፤ ይህ እውነት ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንቦቹ አዳኑት እንላለን። ግን ከዚያ 21 ዓመት ቀደም ብሎ ይህንኑ ከተማ ዘርፎ ያቃጠለው ማን ነው? ቴዎድሮስ ነው። የቋራው ልጅ፣ የእኛው ንጉሥ። እሳቱ ዘር የለውም ልጄ።»

እትዬ ስሙ ሲነሣ ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዞሩ። ቴዎድሮስን በዚህ ከተማ እንዲህ መናገር ቀላል አይደለም። ነገሩ ግን የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1866 መጨረሻ፣ ግዛታቸው ከእጃቸው እየወጣ ሳለ፣ ንጉሡ ጎንደርን አዘርፈው አቃጥለዋል። ከተማዋን ጭራቅ ዘር ብቻ ነው ያጠፋት የሚል ታሪክ የሚነግር ሰው ግማሹን ይደብቃል። ይህ ትውልድም ከዚያ የራቀ አይደለም፤ በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ዳባት ድረስ ሲደርስ፣ ከ2015 ነሐሴ ወዲህም ተኩሱ ራሱ ጎንደር ሲገባ ወጣቱ እዚሁ ነበር። የተኩሱን ድምፅ ከጨዋታ አልተማረውም።

«አሁን ያንተን አሳየን» አሉ እትዬ። «የእንግሊዙን በቃን።»

ወጣቱ ለወራት የደከመበትን ገለጠ። ሀገር ውስጥ ጨዋታ የሚሠሩ እንዳሉ ያውቃል፤ ቅኔ ጌምስ ከገበሬ የምትሸሽ ዶሮ ይዞ «ኩኩሉ»ን ሠርቷል፤ ኤታን ኮሚክስ ደግሞ «ጀምበር» የተባለ ልዕለ ጀግና አውጥቷል። የእሱ ሕልም ጨለም ያለ ነው፤ የሰሜን ተራሮች ገደል በጠፈር ላይ የሚንሳፈፍበት፣ ሊማሊሞ ከዓለም ወደ ዓለም የሚወስድ ጠመዝማዛ መንገድ የሆነበት። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ዛሮቹ አሉ፤ ፉከራቸው ከጦር መርከብ ሞተር የሚወጣ። የኔታ ፊታቸውን ቢያጨማድዱም ሥዕሉን አደነቁ። ቀጥሎ ያለው ገጽ ላይ ጠላቶቹ ናቸው። ፊታቸው የጅብ ነው። በእጃቸው መዶሻና ጉጠት ይዘዋል፣ ከጀርባቸው ወናፍ ይነፋል፣ በነበልባሉም መሐል ዲያብሎስ አለ። ሁሉም ወደ ጎን የዞሩ ናቸው፤ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል።

«የጎን ፊቱን ከቤተ ክርስቲያን ነው የወሰድኩት» አለ በኩራት። «የኔታ ራስዎ ነዎት ያሳዩኝ፤ ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ወደ እኛ ያያል፣ ከሓዲው በአንድ ዓይን ይሣላል።»

«አሳይቼሃለሁ» አሉ የኔታ ቀስ ብለው። «እነዚህ ግን ማን ናቸው?»

«ቀጥቃጮቹ ናቸው። ሌሊት ጅብ የሚሆኑ ዘር።»

ከዝናቡ ድምፅ በቀር ለትንሽ ጊዜ ምንም አልተሰማም።

ለጎንደር ሰው ይህ ሥዕል ልብ ወለድ አይደለም። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የምትሠራውን ቡዳ ማለት፣ ሌሊት ጅብ ሆነው መቃብር ይቆፍራሉ ማለት፣ ዓይናቸው ሰው ይበላል ማለት በዚህ ምድር ለብዙ ትውልድ የኖረ ነገር ነው። ማረሻውን የሠራለትን ሰው የፈራ ገበሬ ነበር። ከከተማው ወደ ሰሜን ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች፤ ወንዶቹ ቀጥቃጮችና ሸማኔዎች፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች። ርስት እንዳይኖራቸው ተደርገው በእጃቸው ሙያ ያደሩ ሕዝቦች፣ በዚያው ሙያቸው ተከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ1984 መገባደጃ በሱዳን በኩል በተካሄደው ዘመቻ ሙሴ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ በበረሩበት ዘመቻ ሰሎሞን አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። የሄዱበት ምክንያት ብዙ ነው፤ እምነቱም፣ ረኃቡም፣ ጦርነቱም አለበት። ዛሬ በወለቃ መንገድ ዳር ለጎብኚ የሚሸጥ የሸክላ ምስል ይታያል።

የጨለማ አማልክቱ ሐሳብ፣ ከሰው ቁጣና ተስፋ መቁረጥ ይወለዳሉ የሚለው፣ ለጎንደር ልጅ የሚጠቅም ሐሳብ ነው፤ ከዛሩ ጋር ያነጋግረዋል፣ ከክታቡ ጋር ያገናኘዋል። በደሙ ክፉ የሆነ ዘር አለ የሚለው ግን እዚህ ተሞክሮ የታየ ውሸት ነው። ወጣቱ ሁለቱን በአንድ ደብተር አስቀምጧቸዋል፤ ማንም አልነገረውም ነበርና አይፈረድበትም።

«እኔ ልንገርህ» አሉ እትዬ። ስኒዎቹን ማጠብ ትተዋል። «ስምንት ወይ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከእናቴ ጋር ጀበና ልንገዛ ወለቃ ሄድን። እናቴ እንጀራ ቋጥራ ነበር፤ ስንደርስ ከነጠላዋ ሥር ሸሸገችው። ለእኔም፣ ሴትዮዋን ቀና ብለሽ እንዳታዪ፣ ዓይንሽ ከዓይኗ እንዳይገጥም አለችኝ። ጀበናዋን ይዘን ተመለስን። ስንት ዓመት ቡና ፈላባት! ከዚያ ጀበና ጠጥተን ያደግን ነን።»

«እና እናትዎ ባለዛር ሳሉ...» አለ ወጣቱ።

«እሷን ማንም ጅብ አላላትም። ዛሯን ምን ትፈልጋለህ ይሉታል። ሴትዮዋን ግን ምን ትፈልጊያለሽ ያላት የለም።»

የኔታ ደብተሩን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው አዩት፤ ከዚያ ወደ ወጣቱ መለሱት። «ዲያብሎሱን ተወው፤ እሱ በነበልባሉ መሐል እንዳለ ይቅር። ደብረ ብርሃን ሥላሴም እንደዚያው ነው። ሰዎቹን ግን አዙራቸው።»

«ወደ ፊት?»

«ወደ ፊት። ሁለት ዓይን አላቸው።»

ወጣቱ ላጲሱን አወጣ። የጅቡን አፍንጫ አጠፋ፣ ጆሮውን አጠፋ፤ ወረቀቱ ስስ ስለነበር መሐሉ ሊቀደድ ደረሰ። መዶሻውን ተወው፣ ወናፉንም። ባዶ በቀረው ፊት ላይ እርሳሱን አሳርፎ ቆየና ቀና አለ።

«እትዬ፣ ሴትዮዋ መልኳ ምን ይመስል ነበር?»

እትዬ በረካውን ሊቀዱ ያነሡትን ጀበና መልሰው አስቀመጡት።

«አላየኋትማ» አሉ።